ጀርም ገዳይ የብረት ሽፋን፦ የትኛው ለየትኛው ሥራ?

ባለፈው ዓመት አንዲት የክሊኒክ ኃላፊ ወደ ብረታ ብረት ወርክሾፓችን መጥተው አንድ የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። ከውጭ አገር የመጣ የቀለም ማስታወቂያ ነው። በትልቁ «99.9 በመቶ ጀርም ይገድላል» ይላል። ስድስት የሕመምተኛ አልጋ ሊያሠሩ ፈልገዋል፤ ሁሉም በዚህ ቀለም እንዲቀቡላቸው ነው ጥያቄያቸው።

«ሲስተር፣ በምን ያህል ጊዜ ነው የሚገድለው?» አልኳቸው። ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው ፈለጉ። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ እርጥበት።

«የእናንተ ክፍል እንደዚህ ነው?»

ሳቁ። «እንደዚህማ ቢሆን እኛም ከሕመምተኛው ጋር አብረን እንቀቀል ነበር» አሉ።

ይህ ጽሑፍ እንደ እሳቸው ዓይነት ወረቀት ለደረሳቸው ሰዎች ነው፤ አልጋ፣ የበር እጀታ፣ የደረጃ መደገፊያ ለሚገዙም፣ ለሚሠሩም። የምርት ስም አልጠራም። ስሙ በየዓመቱ ይለወጣል፣ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ግን ከአምስት ወይም ከስድስት ዓይነት አያልፍም።

ለማን ነው የምንለብጠው?

ተራ ብረትም ሆነ ስቴንለስ ስቲል በራሱ ጀርም አይገድልም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሙከራ እንዳሳየው፣ የኮሮና ቫይረስ በፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት፣ በስቴንለስ ስቲል ላይ እስከ 48 ሰዓት ሕያው ሆኖ ተገኝቷል። በመዳብ ላይ ግን ከ4 ሰዓት በኋላ ሕያው ቫይረስ አልተገኘም። ያን ሰሞን ነው የሽፋን ሻጭ እንደ አሸን የፈላው።

ከዓመት በኋላ የመጣው ቁጥር ግን ያን ያህል አልተወራለትም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 እንዳስታወቀው፣ የተበከለ ዕቃን አንድ ጊዜ በመንካት በኮሮና የመያዝ ዕድል በጥቅሉ ከ10,000 አንድ ያነሰ ነው። እንግዲህ ለኮሮና ብቻ ብሎ የደረጃውን መደገፊያ በሙሉ የሚያስለብጥ ድርጅት ገንዘቡን መስኮት በማስፋት ላይ ቢያውለው ይሻለው ነበር።

በሆስፒታል ባክቴሪያ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ስታፊሎኮከስ አውሬየስ በደረቅ ገጽ ላይ ከ7 ቀን እስከ 7 ወር፣ አሲኔቶባክተር ከ3 ቀን እስከ 5 ወር ሊቆዩ እንደሚችሉ ተመዝግቧል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የአልጋው ጎን ብረት፣ የግሉኮስ ማንጠልጠያው፣ የምግብ ጠረጴዛው ጠርዝ በቀን ስንት እጅ እንደሚያስተናግዱ ያየ ሰው ጥያቄው የቅንጦት እንዳልሆነ ይገባዋል።

ሻጩን መጠየቅ የሚገባው

የመጀመሪያው ጥያቄ ሲስተርን የጠየቅኳቸው ነው፦ ሙከራው በምን ሁኔታ ተደረገ? አብዛኛው የምስክር ወረቀት የሚጠቅሰው ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) ያወጣውን፣ አይኤስኦ 22196 የተባለውን የሙከራ ደረጃ ነው። በዚህ ሙከራ ባክቴሪያ ያለበት ፈሳሽ በናሙናው ላይ ተደርጎ በስስ ፕላስቲክ ይሸፈንና ሳይደርቅ ለ24 ሰዓት በሙቀት ይቆያል። ሕመምተኛ አስሎበት በደቂቃዎች ውስጥ የሚደርቅ የአልጋ ብረት ከዚህ ጋር አይገናኝም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አይኤስኦ 7581 በደረቅ ገጽ ላይ የሚለካ ስለሆነ ሻጩ ይህን ካቀረበ ወንበር ስቦ ማነጋገር ይገባል።

ሁለተኛ፣ ለምን ዓይነት ጀርም? የባክቴሪያ ምስክር ወረቀት ስለ ቫይረስ አይመሰክርም፤ ለቫይረስ አይኤስኦ 21702 የሚባል ሌላ ሙከራ አለ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንኳ የመዳብ ቅይጦች ባክቴሪያ እንደሚገድሉ ለማስተዋወቅ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ ለቫይረስ የፈቀደው ግን በ2021 ነው። ያውም ቢያንስ 95.6 በመቶ መዳብ ላላቸው ቅይጦች ብቻ። በአንድ ብረት ላይ ሁለቱ ፈቃዶች በአሥራ ሦስት ዓመት ተራርቀዋል።

ሦስተኛ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ በባልዲው ውስጥ የምትይዘው ምንድን ነው? እኛ ዘንድ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በረኪና ነው። በረኪና መዳብን ያጠቁራል፣ ብርን ያበላሻል፣ ሳይታጠብ ከቀረ ስቴንለስ ስቲልን እንኳ እየቦረቦረ ያዝገዋል። በካታሎግ ላይ «በገለልተኛ ሳሙና ብቻ ይጸዳል» የሚል ሽፋን ገዝቶ በበረኪና ማሸት ገንዘብን ከነባልዲው መድፋት ነው።

አራተኛው የፍትጊያ ጉዳይ ነው፤ ስንት ሺህ ጊዜ ሲወለወል፣ ስንት ሺህ እጅ ሲይዘው ይችላል? አምስተኛውን ገዢ አይጠይቅም፣ እኛ ብረት ሠሪዎች ግን ልንረሳው አይገባም፦ ሽፋኑ ሲጫር ከሥሩ ያለው ብረት ምን ይሆናል?

ስለ 99.9 ደግሞ አንድ ነገር ልበል። አንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ ባለበት ገጽ ላይ 99.9 በመቶው ቢሞት አንድ ሺህ ይተርፋል። ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ ማምከን ግን አይደለም።

የብር ዱቄት ቀለም

ለወርክሾፕ በጣም የሚቀርበው ይህ ነው። ተራው የዱቄት ቀለም በኤሌክትሪክ ሽጉጥ ተረጭቶ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ምድጃ ውስጥ ይጋገራል፤ በዚያው ዱቄት ውስጥ ዜኦላይት የተባለ ባለ ቀዳዳ ማዕድን ወይም መስታወት የተሸከመው የብር አዮን (የኤሌክትሪክ ሙላት ያለው የብር ቅንጣት) ይጨመራል። አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። ላሜራው ቅባቱ ታጥቦ፣ ቀለም እንዲይዝ ፎስፌት በተባለ ኬሚካል ከታከመ በኋላ እንደ ወትሮው ይቀባል። ቀለሙም የፈለጉት ዓይነት ይሆናል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ውፍረት ባለው ቅብ ውስጥ የሚሠራው ከላይ የተገኘው ብር ብቻ ነው፤ ከታች የተቀበረው ዋጋው ተከፍሎበት ይተኛል። ሁለተኛውና ዋናው፣ የብር አዮን ከተሸካሚው ወጥቶ ባክቴሪያው ዘንድ ለመድረስ እርጥበት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የእንግሊዝና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ብር ያለበትን ሽፋንና የመዳብ ቅይጦችን ጎን ለጎን ፈትኗቸዋል። በሙቀትና በከፍተኛ እርጥበት ሁለቱም ገደሉ። በተራ ክፍል ሙቀትና እርጥበት ግን መዳቡ ሲገድል፣ የብሩ ሽፋን መድኃኒት የተላመደውን ስታፊሎኮከስ እምብዛም አልነካውም። በበጋ የአዲስ አበባን አየር ለሚያውቅ፣ ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ አየር ውስጥ ብር ምን ያህል እንደሚሠራ መገመት አይከብድም።

ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ርጥብ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ በመታጠቢያ ክፍል መደርደሪያ፣ በማቀዝቀዣ ክፍል ግድግዳና በአየር ማስተላለፊያ ቱቦ ላይ ሽታና ሻጋታ ይቀንሳል። በደረቅ የመኝታ ክፍል ግን የሚሸጠው ተስፋ ከሚሠራው ይበልጣል።

የሚረጭ የአሞኒየም ሽፋን

በጠርሙስ መጥቶ በተሠራ ዕቃ ላይ የሚረጭ ነው። ኳተርናሪ አሞኒየም የተባለው ውህድ በሲሊኮን እግሩ ገጹን ይይዝና የባክቴሪያውን ሽፋን በንክኪ ይቀድዳል። ርካሽ ነው፣ ሥራ አያቆምም፣ ማንም ሊረጨው ይችላል።

እኔ ግን አልመክረውም። ላብና አቧራ ሲለብስ ከጀርሙ ጋር መገናኘቱ ይቀራል። ተራ የሳሙና ዱቄት በኤሌክትሪክ ሙላቱ ተቃራኒ ስለሆነ ያከሽፈዋል። በፍትጊያም ቶሎ ይለቃል፤ ዓይን ስለማያየውም መልቀቁን የሚያውቅ የለም። የውጭ ቅባታማ ሽፋን በሌላቸው እንደ ኖሮቫይረስ ባሉ ቫይረሶች ላይ ደካማ ነው፣ ክሎስትሪዲየም የተባለው ባክቴሪያ የሚተወውን ጠንካራ ዘርም (ስፖር) አይነካም። «አንድ ጊዜ ተረጭቶ ለዓመት» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም በስምንተኛው ወር ተመልሶ እንዲለካው በውል ማስፈረም ነው። የሚፈርም አላገኘሁም።

ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ

በብርሃን የሚሠራ ነው። ጃፓናውያኑ ፉጂሺማና ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ካሳተሙት ግኝት የተነሣ ብዙ ምርት ተሠርቷል። ሆኖም ዋናው ዓይነት የሚነቃው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ በቤት ውስጥ ያለው የኤልኢዲ አምፖል ይህን ብርሃን አይሰጥም። የተያዘበትን ተራ ቀለምም ራሱ እየበላ ዱቄት ያደርገዋል። ለውጭ ግድግዳ መልካም ነው፣ ለመኝታ ክፍል አልጋ አይደለም።

መዳብ፣ በየመልኩ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ በደረቅ ገጽ ላይ በተደጋጋሚ ተፈትኖ የቆመው እሱ ነውና። የመዳብ አዮን የባክቴሪያውን ሽፋን ይቀድዳል፣ ውስጡን በኦክሲጅን ውህዶች ያቃጥላል፣ ዘረመሉንም ይበጣጥሳል። በአሜሪካው ምዝገባ መሠረት ቢያንስ 60 በመቶ መዳብ ያላቸው ቅይጦች በ2 ሰዓት ውስጥ 99.9 በመቶ ባክቴሪያ ይገድላሉ። ተራው ናስም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ መስፈርት አያንስም። እ.ኤ.አ. በ2013 በሦስት የአሜሪካ ሆስፒታሎች የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተደረገ ጥናት፣ በብዛት የሚነኩ ጥቂት ዕቃዎች በመዳብ ቅይጥ ሲተኩ በሆስፒታል የሚያዝ ኢንፌክሽን በ58 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። አሠራሩን የተቹ ባለሙያዎች ስላሉ ቁጥሩን እንደ መጨረሻ ቃል አልወስደውም። ቢሆንም በሕመምተኛ ላይ ተለክቷል መባሉ ራሱ ከሌሎቹ ሽፋኖች ይለየዋል።

ጥያቄው መዳቡን ብረት ላይ እንዴት እናኑረው ነው።

በኤሌክትሪክ ልባጥ እንጀምር። ትምህርት ቤት በሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት ውሃ ውስጥ ሚስማር ነክረን ስናወጣው ቀይ ሆኖ ያስደነቀን ነበር። በጣት ሲታሽ ግን ቀዩ ይለቃል። በርካሽ የሚለበጡ እጀታዎች ላይ የማየው ያንኑ ነው። ብረት በአሲዳማ የመዳብ ውሃ ውስጥ በቀጥታ ከገባ መዳቡ ኃይል ሳይለቀቅ በፊት ልል ሆኖ ይለጠፋል፣ ከላይ የሚመጣው ሁሉ ልል መሠረት ላይ ይቆማል። ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ ስስ የኒኬል ወይም በሳያናይድ ውሃ የሚሠራ የመዳብ መነሻ መጣል ነው። ሳያናይድ ደግሞ ገዳይ መርዝ ስለሆነ በሠፈር ወርክሾፕ ሊነካ የሚገባው ነገር አይደለም።

ሌላም አለ። ዚንክ በብረት ላይ ሲጫር ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድናል። መዳብ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በተጫረበት ቦታ እርጥበት ሲያገኝ ብረቱ ቶሎ እንዲዝግ ይገፋዋል። ስስ የመዳብ ልባጥ ያለው የአልጋ ብረት አንዴ በጋሪ ከተጫረ ከጭረቱ ሥር ዝገቱ እየተሰደደ ልባጡን እንደ ቅርፊት ያነሣዋል። በብየዳ መጋጠሚያ ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ከሥሩ ስቴንለስ ስቲል ካልሆነ ወይም የኒኬል ንጣፍ ከሌለው ስስ ልባጥ አልቀበልም።

ሁለተኛው መንገድ መርጨት ነው። አንዱ የመዳብ ሽቦን በኤሌክትሪክ ቅስት እያቀለጠ በታመቀ አየር ይነፋዋል። ሌላው፣ ቀዝቃዛ ርጭት የሚባለው፣ የመዳብ ዱቄትን ሳያቀልጥ ከድምፅ በፈጠነ ጋዝ እየወረወረ ብረቱ ላይ ያጣብቀዋል። ሁለቱም በአሸዋ የተነፋ ሻካራ ገጽ ይፈልጋሉ፤ ሽፋኑም በመቶዎች ማይክሮን ስለሚወፍር ፍትጊያን ይችላል። የቅስቱ ሥራ ቀዳዳና ሸካራነት ስላለው ካልተሞረደ ቆሻሻ ይይዛል። የቀዝቃዛው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ መሣሪያው ግን ውድ ነው።

ሦስተኛው በላብራቶሪ ያለ ተስፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የቨርጂኒያ ቴክ ተመራማሪዎች ኩፕረስ ኦክሳይድ የተባለውን የመዳብና የኦክሲጅን ውህድ ብናኝ በፖሊዩሪቴን አጣብቀው መስታወትና ስቴንለስ ስቲል ላይ ቀቡ። በ1 ሰዓት ውስጥ ከኮሮና ቫይረሱ 99.9 በመቶ ያህሉ ሥራ አቁሟል። ሁለቱም ጥሬ ዕቃዎች በገበያ የታወቁ ናቸው። በዩኒቨርሲቲ የምርምር ርእስ ለሚፈልግ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ፣ ከሁሉ ቀድሜ የምጠቁመው ይህን ነው።

አራተኛው ጭራሽ ሽፋን አይደለም። የሚነካውን ክፍል ብቻ ከድፍን ናስ ሠርቶ በብረቱ ላይ በብሎን ማሰር ነው። ካረጀ ይፈታል፣ ይቀየራል፣ ቁርጥራጩም ይሸጣል። በሁለቱ መካከል ከብረቱ ጋር እንዳይነካካ ስስ ፕላስቲክ ማድረግ ብቻ ይፈልጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መዳብ ሲጠቁር መግደሉን አይተውም። ሱቅ ያለው የሚያብለጨልጭ ናስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግልጽ ቫርኒሽ የተቀባ ነው። ቫርኒሽ ያለበት ናስ የናስ መልክ ያለው ፕላስቲክ ነው፤ ጀርሙ መዳቡን አያገኘውም።

መዳብ ያለበት ስቴንለስ ስቲል

ከ3 እስከ 4 በመቶ ገደማ መዳብ የተቀላቀለበት ስቴንለስ ስቲል በእስያ ፋብሪካዎች ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 20 በመቶ መዳብ ያለበትን ከዱቄት ሠርተው የኮሮና ቫይረሱን በ3 ሰዓት 99.75 በመቶ፣ በ6 ሰዓት 99.99 በመቶ መቀነሱን አሳይተዋል። የሚላጥ ነገር የለውም፤ ቢጫርም ውስጡ ያው ነው። ለአገር ውስጥ ገዢ ግን ማግኘቱ ራሱ ሌላ ሥራ ነው።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | በደረቅ ክፍል | በረኪናን መቻል | ፍትጊያን መቻል | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|
| ተራ ስቴንለስ ስቲል ከጽዳት ጋር | በጽዳቱ ልክ | ከታጠበ ይችላል | በጣም ጥሩ | መካከለኛ |
| የብር ዱቄት ቀለም | ደካማ | መካከለኛ | ጥሩ | ከተራው ቀለም ከፍ ያለ |
| የሚረጭ አሞኒየም | ንጹሕ እስከሆነ ድረስ | ደካማ | ደካማ | ዝቅተኛ፣ ግን ተደጋጋሚ |
| ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ | ያለ ፀሐይ አይሠራም | ጥሩ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ስስ የመዳብ ልባጥ | ጥሩ | ደካማ | ደካማ | መካከለኛ |
| የመዳብ ርጭት | ጥሩ | ይጠቁራል | ጥሩ | ከፍተኛ |
| ድፍን ናስ በሚነካው ቦታ | ጥሩ | ይጠቁራል | በጣም ጥሩ | ለጥቂት ቁራጭ መካከለኛ |
| መዳብ ያለው ስቴንለስ | ጥሩ፣ ግን ዘገምተኛ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | ከፍተኛ |

እንደ ኪስና እንደ ሥራው

በጀቱ ጠባብ የሆነ ጤና ጣቢያ ምንም ሽፋን አይግዛ። ብየዳው ተሞርዶ የለሰለሰ፣ ጥግና ስንጥቅ የሌለው አልጋ ያሠራ። በ0.5 በመቶ ክሎሪን ይወልውል፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቅ። የተረፈው ገንዘብ ለጓንትና ለጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ይዋል። ይህን ስል ሥራ እንደማጣ አውቃለሁ።

መካከለኛ አቅም ያለው ሆስፒታል ሙሉ አልጋ ከማስለበጥ ይልቅ የሚነኩትን አምስትና ስድስት ቦታዎች ይቁጠር፦ የአልጋው የጎን ብረት፣ የበር እጀታ፣ የግሉኮስ ማንጠልጠያ መያዣ፣ የቧንቧ መክፈቻ። እነዚህን ባልተቀባ ናስ ይተካ። የጽዳት መርሐ ግብሩ እንዳለ ይቀጥል፤ ከመዳብ ጋር የሚስማማው ግን አልኮል ወይም ለስላሳ ሳሙና ነው።

ለባቡርና ለአውቶቡስ መያዣ የፍትጊያው ነገር ከሁሉ ስለሚቀድም ስስ ነገር ሁሉ ይቅር። ለዚህ የመዳብ ርጭት ወይም ተነቃይ የናስ ቱቦ ይሆናል።

ለምግብና ለመጠጥ ዕቃ፣ ለወተት ጋን፣ ለሎሚና ለኮምጣጤ መያዣ መዳብም ናስም አይታሰብ። አሲድ መዳቡን ያሟሟዋል፣ ናስ ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ተራ ስቴንለስ ስቲል በቂ ነው።

በብዛት የሚያዝ ሰው መጀመሪያ ሁለት ናሙና ይቀበል። ቀለም ከሆነ አንዱን በምላጭ መረብ አስመስሎ ቆርጦ ፕላስተር ለጥፎ በኃይል ይንቀል፤ ቅርፊት ከተነሣ ይመልሰው። ሌላውን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጥቶ ለአንድ ወር በምትጠቀምበት ባልዲ በየቀኑ እንድታሸው ያድርግ። ከማንኛውም ምስክር ወረቀት ይልቅ እኔ የማምነው የእሷን ናሙና ነው።

ለሲስተርም ያደረግነው ይህንኑ ነው። አልጋዎቹ በተራ የዱቄት ቀለም ተቀቡ፣ የጎን መያዣዎቹና የበሮቹ እጀታዎች ድፍን ናስ ሆኑ። ከአራት ወር በኋላ ለሌላ ሥራ ወደ ክሊኒኩ ስሄድ በሩ ላይ ያለው እጀታ ከሠራነው ቀን ይበልጥ ያብረቀርቃል። ጠጋ ብዬ በጥፍሬ ጫር አደረግኩት። ዘበኛው ከወንበራቸው ተነሥተው ፈገግ አሉ። «ጠቁሮ አስጠልቶኝ ነው ልጄ» አሉኝ፤ «በገዛ ገንዘቤ ቫርኒሽ ገዝቼ ቀባሁት።» ከሰዓት በኋላ አሴቶን ይዤ ተመለስኩ።